የጣለው መስሎኝ

ለንደን ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። የሕግ ቃላቱን አጥንቼ ነው የገባሁት፤ እነሱ አላስቸገሩኝም። ያንሸራተተኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ ያለ ተራ ግስ ነው። ሰውየው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለውጬ ልንገራችሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ ሄድኩ። ተጠርጣሪው ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው የአገሬ ሰው ናቸው። የተያዙት ከአንድ ፎቅ ሥር፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ አጠገብ የቆመ ሳይክል ወስደው ነው። ተረኛው ጠበቃ ከጎናቸው ተቀምጧል፤ እዚህ ጣቢያ ለተያዘ ሰው የጠበቃ ምክር በነፃ ነው። መቅረጫው ተከፈተ፤ መርማሪዋ የተለመደውን ማስጠንቀቂያ አነበበች። «የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ነገር ግን በኋላ ፍርድ ቤት የሚመኩበትን ነገር አሁን ሲጠየቁ ካልተናገሩ መከላከያዎን ሊጎዳው ይችላል። የሚናገሩት ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።» መካከለኛዋ ዓረፍተ ነገር ሁሌም ታስቸግራለች። «ዝም በል ነው ተናገር ነው የምትሉኝ?» አሉ እሳቸውም።

«ሳይክሉን ለምን ወሰዱት?»

«ሰው የጣለው መስሎኝ ነዋ!»

እኔ «ሎስት» ብዬ ተረጎምኩት። መርማሪዋ ወዲያው ያዘቻት፤ «ከሰው የጠፋ ከመሰለዎት ባለቤቱን ለማግኘት ምን አደረጉ?» ሰውየው ሳቅ ብለው «ምን በወጣኝ እፈልገዋለሁ?» አሉ። እሱንም ተረጎምኩ። ቀረጻውን የሚሰማ ሰው ፊት ለፊቱ ዓይን አውጣ ሌባ ነው የሚታየው።

ነገሩ የገባኝ ቀጥለው «የኋላ ጎማው የተነፈሰ፣ ሰንሰለቱ የዛገ፣ ቆሻሻው ጋ የተደገፈ...» ማለት ሲጀምሩ ነው። ስልኬን ጣልኩ ያለ ሰው ስልኩን እየፈለገ ነው። አሮጌ ሶፋ ጣልኩ ያለ ግን ዞር ብሎም አያየውም። እኛ ለሁለቱም አንድ ግስ ይበቃናል። በእንግሊዝ ሕግ ግን በሁለቱ መካከል ገደል አለ። በ1968 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የስርቆት ሕግ እንደሚለው ስርቆት የሌላ ሰው የሆነን ንብረት፣ ለዘለቄታው ሊያሳጡት አስበው፣ ሐቀኝነት በጎደለው መንገድ የራስ ማድረግ ነው። የጠፋ ዕቃ ባለቤት አለው። ባለቤቱ በቃኝ ብሎ የተወው ዕቃ ግን የማንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ አይሰረቅም።

እጄን አነሳሁ። «አስተርጓሚዋ ስህተት ማረም ትፈልጋለች» አልኩ፤ በሥራችን ስለ ራሳችን የምንናገረው እንደ ሦስተኛ ሰው ነው። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ግሱ ሁለት ትርጉም እንዳለው፣ የቱን ማለታቸው እንደሆነም ራሳቸው እንዲጠየቁ በቀረጻው ላይ ተናገርኩ። ጠበቃው ጥያቄው እንዲቋረጥ አደረገና ለብቻችን ገባን።

እዚያ ያስረዳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ስሞል የተባለ ሰው መኪና ሰርቀሃል ተብሎ ተፈርዶበት ነበር። መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ አንድ ቦታ የቆመ፣ ቁልፉ እላዩ ላይ የቀረ፣ ባትሪው ያለቀ፣ ጎማው የተነፈሰ ነበር፤ ሰውየውም የተተወ መስሎኝ ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሰረዘለት። እምነቱ ከልብ ይሁን እንጂ የግድ ምክንያታዊ መሆን አይጠበቅበትም። እርግጥ ምክንያት ባጣ ቁጥር የሚያምነው ሰው ያንሳል፤ ጠበቃው ይህንንም አልደበቃቸውም። ደግሞ «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት እንደማይጠቅም፣ የተሳሳቱት በሕጉ ሳይሆን በሳይክሉ ሁኔታ ከሆነ ግን ሌላ ነገር እንደሆነ ነገራቸው።

ሰውየው ትንሽ አሰቡና «የበጎ አድራጎት ሱቅ በር ላይ ሌሊት የሚያስቀምጡት ልብስስ?» ብለው ጠየቁ። ጠበቃው ደነገጠ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ልብሱ ለድርጅቱ እንዲደርስ የተቀመጠ እንጂ የተጣለ አይደለም ተብሏል። (ጠበቃው የተናገረውን «አልተጣለም» ብዬ ስተረጉም ምላሴ ተያዘ፤ «ባለቤቱ አልተወውም» ብዬ አስተካከልኩ።)

ተመልሰን ገብተን ጥያቄው እንደገና ተጠየቀ። «ቆሻሻ ነው ብለው የተዉት መስሎኝ ነው» አሉ፤ ይኼኛው ቃል አላሳተኝም። የዚያን ዕለት ማታ ለቀቋቸው፤ ምርመራው ግን አልተዘጋም ነበር። መጨረሻውን አልሰማሁም፤ ለአስተርጓሚ የሚነግር የለም።

በሩ ላይ ስንሰነባበት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«እህቴ፣ ሳይክሉንስ መቼ ነው የሚመልሱልኝ?»