ከደብሊን ወደ ላርን፦ ድንበሩን ፍለጋ

ነፃዋን አየርላንድን የብሪታንያ ክፍል ከሆነችው ሰሜን አየርላንድ የሚለየው ድንበር ርዝመቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1973 ከአየርላንድና ከዴንማርክ ጋር አብራ የገባችበትን የአውሮፓ ማኅበር በ2020 ጥላ ከወጣች ወዲህ፣ ይህ መስመር የአንድ ግዙፍ የጋራ ገበያ ዳርቻ ሆኗል። እኔም ከደብሊን ወደ ሰሜን የሚሄደውን አውቶቡስ ስሳፈር ያንን ዳርቻ በዓይኔ ላየው ነበር ሐሳቤ፤ ኬላውን፣ የጭነት መኪናውን ሰልፍ፣ የጉምሩክ ሠራተኛውን።

አንዱም የለም። ድንበሩ አጠገብ ያለችውን የደንዳልክ ከተማ አልፈን ትንሽ እንደሄድን በመንገዱ ጠርዝ ያለው ቢጫ መስመር ነጭ ሆነ፤ የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ተቀየረ። ሾፌሩ ፍጥነት እንኳ አልቀነሰም። ቢሆንም እንደ እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው መስመሩ አልጠፋም፤ ሁለቱ አገሮች ለየብቻቸው ቪዛ ይጠይቃሉ። ለአየርላንድና ለብሪታንያ ዜጎች ግን የቆየ የነፃ ዝውውር ስምምነት ስላላቸው ማንም መታወቂያ አምጡ አይላቸውም።

ኬላ ለምን እንደማይሠራ የገባኝ ከድንበሩ በስተ ሰሜን ያለችው ኒውሪ ከተማ ስደርስ ነው። ሰሜን አየርላንድ ከብሪታንያ ጋር ትቆይ ወይስ ከአየርላንድ ጋር ትዋሐድ በሚለው ግጭት ዘመን በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ የብሪታንያ ጦር የመጠበቂያ ማማዎች ነበሩ። በ1972 እዚህችው ከተማ የጉምሩክ ጣቢያ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል፤ ከነሱም መካከል የጉምሩክ ጸሐፊዎችና የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩበት። የጉምሩክ ፍተሻው የቀረው የአውሮፓ የጋራ ገበያ በ1993 ሥራ ሲጀምር ነው፤ ማማዎቹ የወረዱት ደግሞ ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ። እዚህ ቦታ ላይ ኬላ መልሶ መትከል የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ብራስልስም ለንደንም ያውቁታል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ትውጣ ወይስ ትቆይ በተባለበት የ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሰሜን አየርላንድ ራሷ 55.8 በመቶ በሆነ ድምፅ «እንቆይ» ማለቷም አይረሳም።

ታዲያ ድንበሩ የት ሄደ? የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኘሁት አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ የሥጋ መደርደሪያው ፊት ነው። ከታላቋ ብሪታንያ (ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከዌልስ) ባሕር ተሻግሮ የመጣው የታሸገ ሥጋ ላይ «ለአውሮፓ ኅብረት አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ታትሟል። ከሱቁ ወጥቼ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብሄድ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ነኝ። እዚያ ሊሸጥ የማይፈቀድ ሥጋ እዚህ ሲሸጥ፣ በመካከል ያለው ጠባቂ ይህ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። መቼም ከዚህ የቀለለ ዘብ አላየሁም።

ዋናው ድንበር ያለው ባሕሩ ላይ ነው። ከቤልፋስት የባሕሩን ዳር ተከትሎ በሚሄደው ባቡር ላርን ወደብ ወረድኩ፤ ከስኮትላንድ የሚመጡ መርከቦች እዚህም ይገባሉ። በ2023 የያኔው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየን የተስማሙበት የዊንዘር ማዕቀፍ ጭነቱን ለሁለት ከፍሎታል፤ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የሚቀረው በአረንጓዴው መስመር በቀለለ ወረቀት ያልፋል፤ ወደ ደቡብ ሊሻገር የሚችለው በቀዩ መስመር ሙሉ ፍተሻ ይጠብቀዋል። ከብሪታንያ ጋር አንድ ነን ለሚሉት ወገኖች ይህ በገዛ አገራቸው መካከል የተሰመረ ድንበር ነው። በ2021 መጀመሪያ ላይ በዛቻ ምክንያት ፍተሻው እዚህ ወደብ ላይ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር፤ በ2022ም ትልቁ ፓርቲያቸው ስቶርሞንት ከሚባለው የሰሜን አየርላንድ መንግሥት ወጥቶ ምክር ቤቱ ሁለት ዓመት ያህል ሽባ ሆኖ ቆይቷል። ቅሬታቸው ከንቱ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ድንበሩ ከአንዱ ወገን ላይ ሲነሣ ሌላው ወገን ላይ ወድቋል።

ወደቡ አጠገብ ቡና ስጠጣ ያገኘሁት የጭነት መኪና ሾፌር ግን ስለ ባንዲራ ማውራት አልፈለገም። በአንድ መኪና የብዙ ነጋዴዎችን ዕቃ አደባልቆ ነው የሚጭነው። «የአንዱ ወረቀት ከጎደለ ሁሉም ይቆማል» አለኝ። ብሪታንያና ኅብረቱ በ2020 መጨረሻ የፈረሙት የንግድ ስምምነት ቀረጥን ዜሮ አድርጓል ሲባል ብዙ ሰው ንግዱ እንደ ድሮው የሚቀጥል ይመስለዋል። ዕቃው የት እንደተሠራ ማስረዳት፣ የጉምሩክ ሰነድ መሙላት፣ ለሥጋና ለወተት የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ ማምጣት ግን አልቀረም።

በግንቦት 2025 ለንደን ላይ ሁለቱ ወገኖች የምግብና የእንስሳት ጤና ደንባቸውን ለማቀራረብ ተስማምተው እንደነበር አነሣሁበት። ሥጋና አይብ ለሚጭን ጓደኛው ጥሩ ነው አለ። እሱ በአብዛኛው የሚጭነው የቤት ዕቃና መለዋወጫ ነው፤ ለንደን አባላቱ እርስ በርስ ያለ ጉምሩክ ወደሚነግዱበት የአውሮፓ ጉምሩክ ኅብረት አልመለስም እስካለች ድረስ ለእሱ ቅጹ አይቀርም።