ፍላሹ አልተበላሸም፣ ፎርማት አታድርጉት

ሐሙስ ማታ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለችውን ኮፒ ቤታችንን ልንዘጋ ስንል አንዲት ተመራቂ ፍላሽ ይዛ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን በማግስቱ አስጠርዛ ማስረከብ አለባት። ሰካሁት። አልተከፈተም። የምንጠቀመው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ በየፍላሹ የሚመጣው የሾርትካት ቫይረስ ስላማረረን ዊንዶውስን ከተውን ቆየን፣ ፍላሽም ሲሰካ ወዲያው ነበር የሚከፈተው። ምልክቱን ስጫነው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሰጠሁት። «ባድ ሱፐርብሎክ» (የዲስኩ አደረጃጀት የተመዘገበበት ክፍል ተበላሽቷል እንደማለት) የሚል ስህተት መጣ።

«ወንድሜ፣ ጠፋ ማለት ነው? ሌላ ቤት ፎርማት ይደረግ ብለውኛል» አለችኝ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

በጣም የሚያናድደኝ ይህ ምክር ነው። ያ መልእክት እኮ «የፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት መንገድ) ዓይነት ተሳስቷል፣ ወይም ኦፕሽኑ፣ ወይም ሱፐርብሎኩ» እያለ ብዙ ምክንያት ይደረድራል። ሰው ግን የሚያስፈራውን ቃል ብቻ ያነብና የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ ክሊክ ያጠፋል።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቼ የተሰኩ ዲስኮችን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስቢኤልኬ ሰረዝ ኤፍ» (lsblk -f) አልኩት። ፍላሹ ከነስሙ አለ፣ የፋይል ሲስተሙ ዓይነትም ፋት 32። በ«ዲሜሴጅ» (dmesg) የከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ መዝገብ አየሁ፤ የንባብ ስህተት የለም። ቢኖር ኖሮ ሌላ ነገር ሳልነካ ፋይሉን ለማትረፍ ነበር የምሮጠው። ስለዚህ ፍላሹ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ እኛ ማሽን ላይ ነው ማለት ነው።

ጠዋት የሌሎች ተማሪዎች ፍላሽ ያለ ችግር ሲከፈት ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ? ከሰዓት የባክአፕ ዲስኩን ነቅለነዋል! ሊኑክስ ለዲስኮች እንደ አሰካካቸው ተራ ስም ይሰጣል፤ እሱ ሲሰካ «ኤስዲቢ» የሚለውን ስም ይይዛል፣ ፍላሾቹ «ኤስዲሲ» ይሆናሉ። አሁን ቦታው ባዶ ስለሆነ የልጅቷ ፍላሽ «ኤስዲቢ 1» ተባለ (1 የመጀመሪያው ክፍልፋይ ማለት ነው)። «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ የትኛው ዲስክ እንዴት እንደሚከፈት የሚጻፍበትን «ኤፍኤስታብ» (fstab) ፋይል ስከፍት ድሮ ለባክአፑ የጻፍኩት መስመር ቁጭ ብሏል፦ ኤስዲቢ 1፣ ዓይነቱ ኢኤክስቲ 4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም)። ፍላሽ የሚከፍተው ዩዲስክስ የሚባለው አገልግሎት ደግሞ እዚያ የተጻፈ ነገር ካገኘ የራሱን ትቶ እሱን ነው የሚከተለው። ፋት የሆነውን ፍላሽ ኢኤክስቲ 4 ነው ብሎ ሊከፍት ሲሞክር እንዴት ይሳካለት?

መስመሩ እንዳይነበብ ፊቱ ላይ የሃሽ ምልክት (#) አስገባሁ፣ ፍላሹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ተከፈተ። ልጅቷ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። መጀመሪያ ፋይሉን ማሽኑ ላይ ገልብጠን ነው ማተም የጀመርነው።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ መስመሩን አስተካከልኩት። እንደ አሰካኩ በሚለዋወጠው ስም ፋንታ የዲስኩን ዩዩአይዲ (የራሱ መለያ ቁጥር) አስገባሁ፤ እሱ ዲስኩ ፎርማት እስኪደረግ አይቀየርም፣ ያው «ኤልኤስቢኤልኬ ሰረዝ ኤፍ» ያሳያችኋል። ዲስኩ ባይኖርም ማሽኑ እንዲነሳ የሚያደርገውን «ኖፌይል» የሚለውንም ጨመርኩ። እሱ ባይኖር ዓርብ ጠዋት ማሽኑን ስናስነሳ የሌለውን ዲስክ 90 ሰከንድ ጠብቆ ለጥገና ብቻ የሚያገለግለው ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባ ነበር፣ ደንበኛ በር ላይ ተሰልፎ።