«ከበዓል በኋላ»

አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ግራፊክስ ክፍል እሠራለሁ። ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ክረምት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ካላንደሩ፣ አጀንዳው፣ ደብተሩ ይከመራል። ማሽኑም አያርፍ፣ ሰዉም ቤቱ አይገባ።

ለማታው ሥራ የምናገኘው እራትና የታክሲ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ልቅሶ ይደርሳሉ፣ ለሠርግ ይረዳሉ። ጣጣውም ከዚህ ይመጣል፤ የሠርግ ድንኳን ኪራይ የከፈለልህን ሰው ኦቨርታይም መጠየቅ ነውር ይመስላል። ደፍሮ የጠየቀም ካለ መልሱ አንድ ነው፦ «ከበዓል በኋላ»። አገራችን ደግሞ በዓል አታጣም። ዘመን መለወጫው አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ገና ደረሰ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ እራት አያወራም። እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ሰዓት ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይላል። ይህንን ከእኛ መሃል የሚያውቅ ነበር። ያላወቅነው ይርጋውን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው ፍርድ ቤትም አያስከፍለውም። የሐምሌው ሒሳብ ጥር መጨረሻ ላይ ውሃ በላው ማለት ነው። አሁን «ከበዓል በኋላ»ን አስቡት።

ይህን ያመጡልን የጥራዝ ክፍሏ እትዬ ናቸው። የእህታቸው ልጅ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት። እትዬ ክረምቱን ሙሉ በብላሽ ካላንደር ጀርባ ላይ የእያንዳንዳችንን መውጫ ሰዓት ሲጽፉ፣ ማታ ማታ ዘበኛውን ሲያስፈርሙ ከርመዋል።

የማሽን ክፍሉ ልጆች ጉዳዩን ሲሰሙ ቱግ አሉ። «አድማ እንምታ!» ጡረታ ወጥተው ተመልሰው የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉን፤ ሳቅ አሉ። የካቲት 1966 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ አድማ ሲጠራ ልጅ ነበሩ፤ ያስታውሱታል። «እነሱ እኮ ማኅበር ነበራቸው፤ ጥያቄያቸውንም ጽፈው ነው ያስገቡት» አሉ። «እናንተ ምን አላችሁ? የእትዬን ካላንደር!»

እትዬ ለብቻቸው ገቡ። እኔ የሽፋን ናሙና ላሳይ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን ዛሬ አምጡ አላልንም። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ ያለብዎትን በስም ዝርዝር ይጻፉልንና ሲመችዎ ይክፈሉን።»

ጋሼ ደስ አላቸው። ወረቀት ከገንዘብ ይረክሳል። ዝርዝሩን አስተይበው፣ ፈርመው፣ ማኅተም መቱበት። እትዬም አመስግነው ወጡ። አሠሪ ዕዳውን በግልጽ ካመነ የይርጋው ቆጠራ ተቋርጦ እንደ አዲስ እንደሚጀምር አልነገሯቸውም። ለምን ይንገሯቸው?

የካቲት ላይ ጋሼ ጠበቃ አማክረው መጡ። «የሐምሌው በይርጋ ቀርቷል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉን። እትዬ የደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ዋናው እቤት ነው። ለሥራ ክርክር ክስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፈልም በትሕትና አስታወሷቸው። ክፍያው ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ከፋሲካ በፊት ተጠናቀቀ።

ደስታው ሙሉ አልነበረም። መስከረም ላይ ሥራ የለቀቁ ሁለት ልጆች ስማቸው ደብዳቤው ላይ አልነበረም፤ ሲሰሙ ጊዜው አልፏል። ጋሼም ተምረዋል። በቀጣዩ ክረምት እኛን በ11 ሰዓት ሸኝተው ለማታው የቀን ሠራተኛ አስገቡ። እነዚያ ደግሞ ውልም የላቸው፣ የሚጽፍላቸውም የለ። ሕግ ያወቀን ትቶ ያላወቀን መቅጠር እዚህ ከተማ ቀላሉ ዘዴ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ እትዬ አሁን ማኅበር እናቋቁም ብለው ተነሥተዋል። ሕጉ ቢያንስ 10 አባል ይጠይቃል። እስካሁን 7 ፈርመናል። ያን ጊዜ «አድማ!» ሲል ከሁሉ በላይ ይጮህ የነበረው የማሽን ክፍሉ ልጅ ግን ገና አልፈረመም። ከሠርጌ በኋላ ብሏል፤ ድንኳኑን ጋሼ ቃል ገብተውለታል።