ሩኩን ለምን በላው?

ሰሞኑን ለልጄ ቼዝ እያስተማርኳት ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። ታዋቂው የቼዝ ተጫዋች ቬሴሊን ቶፓሎቭም በዚህ ዕድሜው ነበር ሩሴ በምትባለው የቡልጋሪያ ከተማ ከአባቱ ቼዝ የተማረው። እሱን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወደው፣ የተሸነፈበትን አንድ ታዋቂ ጨዋታ ትናንት ማታ ደረደርኩላት። እ.ኤ.አ. ጥር 1999፣ ቪክ አን ዜ፣ ኔዘርላንድስ። ነጭ የዚያን ጊዜ የዓለም ቁጥር አንድ ተጫዋች ጋሪ ካስፓሮቭ፣ ጥቁር ቶፓሎቭ።

24ኛው እርምጃ ላይ ካስፓሮቭ በሩኩ (ማማ በሚመስለው ጠጠር) ዲ4 በተባለው ካሬ ላይ ያለውን ወታደር በላ። ሩኩ በነፃ የቀረበ ይመስላል። ቶፓሎቭ ዝም ብሎ ንጉሡን ወደ ቢ6 ቢወስድ ምንም አይሆንም ነበር። እሱ ግን በላው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ያማል። ንጉሡ ከቤቱ ወጥቶ፣ ቦርዱን አቋርጦ፣ ነጭ ንግሥት ጨዋታ የምትጀምርበት ዲ1 ድረስ ተሳደደ። በ44ኛው እርምጃ አለቀ።

«አባዬ፣ ለምን በላው?» አለችኝ።

ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ከዚያ ጨዋታ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስፔን ውስጥ ሊናሬስ ላይ ሌላው ተጫዋች አሌክሴይ ሺሮቭ ቢሾፑን (በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር) ኤች3 ላይ በነፃ አቅርቦ ያሸነፈውም ቶፓሎቭን ነው። በቼዝ ታሪክ እጅግ ከተደነቁት እርምጃዎች ሁለቱ እሱ ላይ ተደረጉ። እኔ ይህን አጋጣሚ ነው አልልም። ቶፓሎቭ ፊት የተቀመጠ ሰው እጅ ተጨባብጦ በአቻ መነሳት አይችልም፤ ያለውን ሁሉ ማውጣት አለበት።

ደግሞ ሁሌም ተሸናፊ አልነበረም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2005 ሊናሬስ ላይ በመጨረሻው ዙር ካስፓሮቭን ረታው። ካስፓሮቭ የዚያኑ ዕለት ከውድድር መሰናበቱን ተናገረ። በዚያው ዓመት መስከረም አርጀንቲና፣ ሳን ሉዊስ። ስምንት ተጫዋቾች ለዓለም ሻምፒዮንነት ተቀምጠዋል። ቶፓሎቭ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ጨዋታዎች ስድስቱን አሸነፈ፤ ሕንዳዊው አናንድ ብቻ አቻ ወጣው። የቀሩትን ሰባት በአቻ ጨርሶ ዋንጫውን ወሰደ። ያንን ግማሽ ውድድር ዛሬም ሳስበው ልቤ ይሞቃል።

በ2006 ሩሲያ ውስጥ ኤሊስታ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከሩሲያዊው ክራምኒክ ጋር ሲገጥም የሆነው አሳዝኖኛል። የቶፓሎቭ ቡድን ያጭበረብራል ብሎ በመጠርጠር ክራምኒክ መጸዳጃ ቤት ያበዛል ብሎ ከሰሰ፤ ክራምኒክም በንዴት አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። 6 ለ6 አለቀና በፈጣን ጨዋታ ክራምኒክ አሸነፈ። እንዲህ ያለ ክስ ለቶፓሎቭ አይመጥንም ነበር።

በ2010 በአገሩ በሶፊያ ለዓለም ሻምፒዮንነት ከአናንድ ጋር ገጠመ። አሥራ አንድ ጨዋታ አልቆ እኩል ናቸው። በመጨረሻው ጨዋታ ነጭ ቶፓሎቭ ነው። አቻ ቢወጣ ወደ ፈጣን ጨዋታ ይሄዳሉ፤ እዚያ ደግሞ አናንድን የሚችለው የለም ማለት ይቻላል። ቶፓሎቭ በ31ኛውና በ32ኛው እርምጃ ሁለት ወታደሮች በላ። የንጉሡ ፊት ተገለጠ። አናንድ አልማረውም።

ይህንን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ጥቁሩን ንጉሥ አንስታ ቢ6 ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ አየችው።

«ይሄ ይደብራል» አለች። ንጉሡን ወደ ቦታው መልሳ ሩኩን በላችው።