ከዱቤ ደብተሩ ጀርባ

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከከፊራ ገበያ ብዙ ሳይርቅ፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ትንሹ ልጄ የመጀመሪያውን ትልቅ ጩኸት የጮኸው እዚያው ነው፣ በደንበኛ ፊት። ስድስት ዓመቱ ነበር። ስልኬን ከለከልኩት። መሬት ላይ ተንከባለለ፣ የሳሙናውን ካርቶን በእርግጫ አለው። ዘይት ልትገዛ የመጣች ጎረቤቴ "ኧረ ስጪው፣ ለስልክ ብለሽ ልጁን ታስለቅሺዋለሽ?" አለችኝ። ሰጠሁት። ወዲያው ጸጥ አለ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ዘይቴን ቀዳሁ።

ምን ተገላገልኩ! በሁለት ወር ውስጥ ጩኸቱ የየቀን ሆነ። እናቴ መድኃኒቷ አንድ ነው፤ "በርበሬ አጥኚው" አለች። እኔንም አጥናኛለች። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ሳሉን ነው፣ ምን አጥፍቼ እንደታጠንኩ ግን ጠፍቶብኛል። በርበሬውን ትቼ ሁለት ቀን በጥፊ ሞከርኩት። ዝም አለ። ሳምንት ሳይሞላ የክፍል ጓደኛውን በጥፊ መትቶ አስተማሪው አስጠራኝ።

ነርስ ዘመድ አለችኝ። "መቼ መቼ እንደሚጮህ ጻፊ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረና አንቺ ምን እንዳደረግሽም ጨምሪ" አለችኝ። ለዚህ ብዬ ደብተር አልገዛሁም። የዱቤ ደብተሩን ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት 11 ጩኸት ተመዘገበ። ስምንቱ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ውስጥ ናቸው። ድሬን ለሚያውቅ ይህ አይገርመውም። ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው፤ ሱቁ ይዘጋል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል። የኔ ልጅ ደግሞ ተርቦ፣ ላብ በላብ ሆኖ ከትምህርት ቤት ይመጣና ምሳው እስኪሞቅ ስልክ ይጠይቃል።

ያሳፈረኝ ግን ስለ ራሴ የጻፍኩት ነው። ከ11ዱ በዘጠኙ መጨረሻ ላይ "ሰጠሁት" ይላል።

ጄራልድ ፓተርሰን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን አዙሪት ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። ልጅ ይጮኻል፣ ወላጅ ይሸነፋል፣ ጩኸቱ ይቆማል። ልጁ መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል። ወላጁም መሸነፍ እፎይ እንደሚያሰኝ ይማራል። ስልኩን በሰጠሁት ቁጥር ጩኸት እያስተማርኩት ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ሆዱን ነው። እንደመጣ አናቱ ላይ ውሃ፣ ከዚያ ሙዝ ወይም ብርቱካን፣ ሌላው በኋላ። ይህ ብቻውን ጩኸቱን በግማሽ ያህል ቀነሰው። ቀጥሎ ስልኩ። ማታ፣ ሁላችንም ደህና በሆንበት ሰዓት፣ ሕጉን ነገርኩት፤ ሱቁ ከሰዓት ሲከፈት 20 ደቂቃ፣ በጩኸት አንድም ደቂቃ የለም።

ነርሷ አስጠንቅቃኝ ነበር። በጩኸት ሲያገኝ የኖረውን ያጣ ልጅ መጀመሪያ ይብስበታል፣ ድምፁን ይጨምራል። በሦስተኛው ቀን አንድ ትሪ ሙሉ እንቁላል ገለበጠብኝ። 30 እንቁላል! እጄ ተነስቶ ነበር። እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና "ተናደሃል። ስልኩን ግን አልሰጥህም። እዚሁ ነኝ" አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በዚያ ሰዓት ምክር አይሰማም፤ በጩኸት ላይ ሌላ ጩኸት ነው። ትንፋሼን ቀስ ብዬ፣ ረዘም አድርጌ አስወጣሁ፤ እሱን ለማስተማር ሳይሆን እኔ እንዳልፈነዳ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲበርድለት ባልዲ አምጥተን አብረን ጠረግን። ያን ቀን ብሸነፍ ኖሮ የስልኩ ዋጋ 30 እንቁላል መሆኑን አስተምሬው አርፍ ነበር።

በዚህ ልቤ አብጦ ወደ 14 ዓመቷ ልጄ ዞርኩ። በር ወርውራ ስትገባ ተከትያት "ተናደሻል፣ እዚሁ ነኝ" አልኳት።

"አቦ እማ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ? ተይኝ!"

ልክ ነበረች። ለስድስት ዓመት የሠራ ለ14 አይሠራም። በዚያ ዕድሜ ስሜቱ ይፈጥናል፤ ስሜትን የሚገራው የአንጎል የፊት ክፍል ግን ተጠናቆ የሚበስለው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ "ምን ሆነሽ ነው?" ማለት ለእሷ የፖሊስ ምርመራ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻግረን ወደ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ሥር መሄድ ጀመርን። ጎን ለጎን ነን፣ ዓይን ለዓይን አንተያይም። አልጠይቃትም። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ በዝምታ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኝ ነበር።

አንድ ማታ ድልድዩ ላይ ቆመን ደቻቱን አየን። ደረቅ አሸዋ ነው። የድሬ ሰው ግን በዚህ አሸዋ አይታለልም። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የተነሳው ከላይ፣ ከደጋው በዘነበ ዝናብ ነው። ይህን ሳወራላት "እኔም እኮ በሩን የወረወርኩት በአንቺ አይደለም" አለችኝ። ክፍል ውስጥ ስታነብ ተንተባትባ ስቀውባታል። "አልተናደድኩም፣ አፈርኩ" አለች። ስንት ወር ሙሉ ኀፍረቷን ንዴት ነው ብዬ ስቆጣት ከርሜያለሁ። አማርኛችን ከፋኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ቅር አለኝ፣ ቀናሁ የሚል ቋንቋ ነው። እኛ ግን ለልጆቻችን የምንሰጣቸው "አታልቅስ" እና "አትነጫነጭ"ን ነው።

ይህ ሁሉ ለተራው ንዴት ነው። ራሱን የሚጎዳ ወይም ስለ መሞት የሚያወራ ልጅ ካለ በደብተርና በእግር ጉዞ አይሞከርም፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ነው።

ባለፈው ሳምንት የሦስት ወር ዱቤ ያለበት ደንበኛዬ መጥቶ ሌላ ስኳር በዱቤ ጠየቀኝ። ጮህኩበት። መንገደኛ እስኪቆም ድረስ ጮህኩበት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ትንሹ ከባንኮኒው ሥር ብቅ አለ። ደብተሩን አንስቶ ገለበጠው፣ እስክሪብቶውንም አቀበለኝ።

"እማ፣ ምሳ በልተሻል?" አለኝ።

አልበላሁም ነበር።