ከባሕር ዳር የተመለሰው ፍሬም

የቀርከሃ ሳይክል እንደምሠራ የሰማ ሰው ቶሎ የሚጠይቀኝ «አይሰበርም?» ብሎ ነው። በደንብ የተሠራ አይሰበርም። ኮብልስቶኑንም ጉድጓዱንም ይችላል። ዛሬ የማወራው ግን ሳይሰበር ስለተመለሰብን አንድ ፍሬም፣ ማለትም የሳይክል አጽም ነው። ከእሱ ያገኘነውን ትምህርት ሌላው የቀርከሃ ሠራተኛ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ወንበር ለሚሠራም፣ አልጋ ለሚሠራም ይጠቅማል።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ትንሽ ወርክሾፕ ነው። አለቃችን መካኒካል ኢንጂነር ናት። ቱቦ የሚቆርጡልን ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨት ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ ከሳይክል ጥገና ነው የመጣሁት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ የእኔ ድርሻ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ፍሬሙ በሙሉ ቀርከሃ አይደለም። መሪው የሚያልፍበት ቱቦ፣ የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቤት እና የኋላ ጎማ የሚታሰርበት ጆሮ ብረት ወይም አልሙኒየም ናቸው። ዋና ዋናዎቹን ቱቦዎች ከደጋ ቀርከሃ እንሠራለን፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀላል ነው። ከኋላ ላሉት ቀጫጭን እግሮች የቆላውን እንጠቀማለን። እሱ በብዛት ውስጡ ድፍን ነው፤ ከአሶሳ በኩል ይመጣል። አገራችን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ቀርከሃ አላት፤ አገር በቀል ዝርያዎቿም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ የጥሬ ዕቃ ችግር የለብንም ብለን ነበር የጀመርነው።

ቱቦው ከመገጠሙ በፊት አንጓዎቹ ከውስጥ በረጅም ብረት ይበሳሉ። ከዚያ በእሳት እናሞቀዋለን። አንጓው ሳይበሳ ከተሞቀ ውስጡ የታፈነው እንፋሎት ቱቦውን ያፈነዳዋል። ጫፎቹ በክብ መጋዝ ይቦረቦሩና ከብረቱ ጋር ልክ ለልክ ይቀመጣሉ። መጋጠሚያው መጀመሪያ በኤፖክሲ፣ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ማጣበቂያ፣ ይያዛል። በላዩ ላይ ኤፖክሲ የጠጣ ቃጫ እየተደራረበ ይጠመጠማል። ቃጫችን የእንሰት ነው፤ እንሰቱ ሲፋቅ የሚቀረው ረጅሙ ክር። ቃጫው ትንሽ እንኳን እርጥበት ካለው ኤፖክሲውን በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ቀድሞ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ጥምጥሙ በፕላስቲክ ቴፕ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሲጠነክር ቴፑ ተልጦ ይሞረዳል፣ ከዚያ ቫርኒሽ ይቀባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቀርከሃ ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1894 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ታይቷል። በኋላ ብረትና አልሙኒየም ገበያውን ያዙት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክሬግ ካልፊ የሚባል ፍሬም ሠሪ መልሶ አነሳው። መነሻው ውሻው ነው ይባላል፤ ውሻዋ የቀርከሃ ዱላ እያኘከች ብትታገለውም ልትሰብረው አልቻለችም። ከዚያ በኋላ ጋናዎች ሙያውን የራሳቸው አድርገው በሰፊው ሠርተውበታል። የእነሱን ሥራ ሳይ እኛስ ምን ይጎድለናል እል ነበር።

ወደ ገጠመኙ ልመለስ። ደንበኛችን ባሕር ዳር የሚኖር አስተማሪ ነው። ሳይክሉን ክረምት ላይ ሠርተን መስከረም ላይ ላክንለት። በጣም ወደደው፤ ትምህርት ቤት በሱ ነበር የሚመላለሰው። ጥር ላይ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ወንድሜ፣ እስኪ ይሄን ስማው» ይልና ዝም ብሎ ይነዳል። ቀኝ እግሩ በረገጠ ቁጥር ቅጭ ይላል። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ለጠጋኝ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ፔዳል ነው፣ ወይ የኮርቻው ዘንግ፣ ወይ ግራሶ ያለቀበት ኩሽኔታ። እዚያው ያለ ጠጋኝ ፔዳሉን ፈትቶ፣ ጥርሱን አጽድቶ፣ ግራሶ ቀብቶ እንዲያስርለት ነገርኩት። አደረገ። ለሁለት ቀን ጠፋና ድምፁ ተመለሰ። በአውቶቡስ ይላክልን አልነው።

መጣ። ፔዳሉን ቀየርኩ። የኮርቻውን ዘንግ አውጥቼ ቆሜ ነዳሁት፤ ድምፁ አለ። የኋላውን ጎማ በሌላ ተካሁ፤ አለ። ኩሽኔታውን አወጣሁ፣ ቤቱን አጠብኩ፣ አዲስ አስገባሁ፤ አለ። የዚህን ጊዜ ነገሩ ከፍሬሙ እንደሆነ ልቤ ነገረኝ። በዓይን ግን ምንም አይታይም። ስንጥቅ የለም። ቫርኒሹ እንደ አዲስ ያበራል።

ሳንቲም አወጣሁ። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች የተደራረበ ፋይበር ውስጥ ለውስጥ መላቀቁን የሚያውቁት በሳንቲም መታ መታ እያደረጉ ነው። በደንብ የተጣበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተላቀቀው ይደነዝዛል። ፔዳሉ አጠገብ ያለውን መጋጠሚያ ዙሪያውን መታሁት። ከላይ ጥርት ይላል። ከሥር፣ የታችኛው ቱቦ በሚገባበት በኩል፣ ድምፁ ሞተ። አለቃችንን ጠራኋት። እሷም መታችው። ጋሼም መቱት። ሦስታችንም አንድ ቦታ ላይ ቆምን።

ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ጋሼ በላዩ ላይ ቃጫ ይደረብበትና ይመለስለት አሉ። ምክንያታቸው ይገባኛል። ኤፖክሲ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። ፍሬሙ የወራት ልፋት ነው። ሰውየውም ሳይክሉን ይፈልገዋል።

«ጋሼ፣ ለምን እንደተላቀቀ ሳናውቅ ብንደርብበት ነገ ሌላው ጋ ይላቀቃል» አለች አለቃችን።

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ያሳዝናል እኮ።»

«እኔም ያሳዝነኛል። ሞርሳ ላይ እሰሩት።»

መጋዙን ራሷ ያዘች። እንዲህ ያለ አለቃ ማግኘት ቀላል አይደለም። ድምፁን አጥፍቶ ዕቃውን መመለስ ይቻል ነበር፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይወስደው ነበር።

መጋጠሚያው ለሁለት ሲከፈል የቃጫውና የኤፖክሲው ጥምጥም እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ምንም አልሆነም። ብረቱም ደህና ነው። ቀርከሃው ግን ከጥምጥሙ ሸሽቷል። በመካከላቸው ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በተረገጠ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ቅጭ የሚለው እሱ ነው። መዝገባችን ላይ የእያንዳንዱ ቱቦ ውፍረት አለ። በካሊፐር ለካነው። ወደ አንድ ሚሊሜትር ቀንሷል። ለአንድ ቱቦ ይሄ ብዙ ነው። ላዩም ከጥምጥሙ ሥር ጭምድድ ብሏል።

ቀርከሃ ከአየሩ ጋር እርጥበት ይሰጣል ይቀበላል። በአዲስ አበባ ክረምት የጠጣውን በባሕር ዳር በጋ ይመልሳል። ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አያጥርም፤ በውፍረቱ ግን ይሰበሰባል። ይህን እናውቃለን። ለዚህም ነው ቱቦዎቹን ጥላ ሥር አቁመን በየጊዜው እየመዘንን ክብደታቸው መቀነስ እስኪያቆም የምንጠብቀው። ይሄኛውም ተመዝኗል። መዝገቡ ላይ ሁሉም ነገር በሥርዓት ነው። ታዲያ ከእሱ በፊት የሠራናቸው ለምን እንዲህ አልሆኑም?

መልሱን ያገኙት ጋሼ ናቸው። የተቆረጠውን ጫፍና ከድሮው ዕቃ የተረፈ ቁራጭ ጎን ለጎን ይዘው መስኮቱ ጋ ሄዱ። የድሮው ግድግዳ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጥፍራቸውን ሲጫኑበት ምልክት አይቀበልም። የአዲሱ የውስጥ በኩል ጥፍር ያስገባል። «ይሄ ልጅ ነው» አሉ። «ሳይደርስ ነው የተቆረጠው።»

መጋዘን ገባን። የዚያ ጭነት ዘንጎች በሙሉ ያምራሉ። ቀጥ ያሉ፣ ለስላሳ፣ ነጠብጣብ የሌለባቸው። ሲመጡ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ጭነቱ የመጣው በነጋዴ በኩል ከእንጅባራ አካባቢ ነው። አለቃችን «ስልክ አይበቃም፣ ሄደን እንይ» አለችና ሄድን። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። የአዊ ገበሬ ቀርከሃውን ጓሮው ነው የሚተክለው። አጥሩ፣ ቅርጫቱ፣ ምንጣፉ፣ ለገበያ የሚወጣው ወንበር ሁሉ ከሱ ነው። ለነጋዴው ከሸጡት አንዱ ሽማግሌ ጓሯቸው አስገቡን።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳቸው፣ አንዱን የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ዘንግ ይዤ።

«የአምና ነው።»

«ያኛውስ?»

«ያ የደረሰ ነው። አራት ዓመት አለው።» የደረሰው ደብዘዝ ያለ ነው። ቢጫ ወደ መሆን አድልቷል። ላዩ ላይ ነጭና ግራጫ ሽበት መሳይ ነገር ወጥቶበታል። ሽማግሌው በገጀራቸው ጀርባ ሁለቱንም መቱ። የደረሰው ጮኸ። የአምናው ድም ብሎ ቀረ። አለቃችን ዞር ብላ አየችኝ።

«ታዲያ አባባ፣ ለምን ልጁን ሰጡን?»

«ልጄ፣ እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያላችሁት? ነጋዴው ‹ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ ምልክት የሌለበት ነው የሚፈልጉት› አለን። ምልክት የሌለበት ልጁ ብቻ ነው። እኔስ እሱን መቁረጥ መች ደስ ይለኛል? የሚመጣው ዓመት ቡቃያ የሚጠነክረው በሱ ነው።»

የጻፍነው ትእዛዝ ስልኬ ላይ ነበር። ርዝመት፣ ውፍረት፣ ቀጥተኛነት፣ የላዩ ንጽሕና ሁሉም አለ። ዕድሜ የሚል ቃል የለም። ነጋዴው አላታለለንም። ገበሬውም የታዘዘውን ነው የቆረጠው።

ሽማግሌው ብዙ አስረዱን። ቡቃያው የሚወጣው ክረምት ላይ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ ከውስጥ ብቻ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ የአንድ ዓመቱና የአራት ዓመቱ በቁመትም በውፍረትም እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ላላወቀ ሰው አንድ ናቸው። ያልደረሰው ሲደርቅ በብዙ ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል። ብንመዝነውም፣ ብናሞቀውም፣ ምርጥ ኤፖክሲ ብናፈስበትም ያልደረሰ ነገር ወርክሾፕ ውስጥ አይደርስም።

ተመልሰን መጀመሪያ ያደረግነው ከዚያ ጭነት የተሠሩትን ሳይክሎች ከመዝገብ ማውጣት ነበር። ባለቤቶቹ ጋ ደወልን። በሳንቲም መታን። አብዛኛው ደህና ነበር፤ ደህና ያልሆነውን ያለ ክፍያ ተካን። ወጪው ቀላል አልነበረም። አለቃችን ግን አንድም ቀን ስታጉረመርም አልሰማኋትም። መጋዘን የቀረው ዘንግ ለመብራት ሽፋንና ለመደርደሪያ ዋለ፤ እዚያ ላይ ሰው አይቀመጥበትም።

ከዚያ የግዢው ውል ተቀየረ። አሁን ዋጋው በዕድሜ ነው። ለደረሰው ዘንግ የሚከፈለው ከፍ ይላል፤ ያልደረሰ ከነጭራሹ አንቀበልም። ገበሬዎቹ ቡቃያው በወጣበት ዓመት ዘንጉ ላይ የዓመቱን ምልክት ያደርጋሉ። ምልክቱን አይተው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለውን ብቻ ይቆርጣሉ፤ እሱንም ዝናቡ ካቆመ በኋላ። ነጋዴው መጀመሪያ ላይ አጉረመረመ። አንድ ጓሮ ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ጠርጎ መጫን ቀረበታ። ገበሬዎቹ ግን ወደዱት፤ ልጁ እየተረፈላቸው ጓሯቸው መጠቅጠቅ ጀመረ።

ጋሼም ሥራ ተጨመረባቸው። ጭነት ሲመጣ በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን ዘንግ በመዶሻ እጀታ ይመታሉ። ድምፁ ያልጣማቸው ከመኪናው አይወርድም።

ለባሕር ዳሩ አስተማሪ አዲስ ፍሬም ሠራንለት። ቀርከሃው ሽበታም ነው። ነጠብጣቡ ከቫርኒሹ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲደርሰው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ያገለገለ ቀርከሃ ነው እንዴ የሰጣችሁኝ?» አለኝ። እንጅባራ ያየነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ተማሪዎቹን ይዞ የቀርከሃ ጓሮ መጎብኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። የሽማግሌውን ስልክ ሰጠሁት።