ዛፍ የማትወጣው የዛፍ እንቁራሪት

ሐምሌ 14፣ ሱሉልታ

ትናንት ማታ ዝናቡ ጋብ ሲል ከቤታችን ጀርባ ካለው ጨፌ ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ። አምና የወፍ መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ ግን አላስቻለኝም፣ ቦት ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ስጠጋ ዝም ይላል፣ ራቅ ስል ይጀምራል። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሣሩን ባስስም ምንም የለም። ድምፁ ከእግሬ ስር ከመሬት የሚወጣ ነው የሚመስለው።

ዛሬ ጠዋት ከብት የሚጠብቀውን የጎረቤት ልጅ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ራቻ ነው እኮ» አለኝ፤ በኦሮምኛ እንቁራሪት ማለቱ ነው። ጎንበስ ብሎ ሣሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና አንዷን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ጀርባዋ ልክ እንደ ሣሩ አረንጓዴ ነው። የዓይኗ ብሌን እንደ ድመት ዓይን ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ነው። መሬት ሳስቀምጣት ዘላ የምታመልጥ መስሎኝ ነበር። አልዘለለችም። በኋለኛ እግሮቿ ጭቃውን ግራና ቀኝ እየገፋች በቂጧ በኩል መስመጥ ጀመረች። መጨረሻ ላይ ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ። ከዚያ እነሱም ጠፉ።

ፎቶዋን ባዮሎጂ ለሚያስተምር ወዳጄ ላክሁለት። ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ ትባላለች አለኝ። ስሟ ራሱ «የሣር» ማለት ነው። ቡላንጀር የሚባል ተመራማሪ በ1898 እ.ኤ.አ. ነው ለሳይንስ ያስተዋወቃት። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አትገኝም! የሚገርመው ደግሞ ወገኗ የዛፍ እንቁራሪት መሆኑ ነው። ደን ውስጥ የሚኖሩት ዘመዶቿ ጣታቸው ጫፍ ላይ ቅጠል የሚይዙበት ሰፋ ያለ ነገር አላቸው። የእሷ ጣት እንደዚያ አይደለም። በምትኩ የኋላ እግሯ ስር እንደ አካፋ የሚያገለግል ጠንካራ እብጠት አላት። ለካ ጠዋት ያየሁት እሱን ነው።

እንቁላሏን የምትጥለውም ውሃ ውስጥ አይደለም። የእሷ ወገኖች ውሃ ዳር ያለ እርጥብ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ዝናቡ ሲበረታ ልጆቹ ተፈልፍለው ረጅም ጭራቸውን እያወራጩ ወደ ውሃው ይወርዳሉ። ስለዚህ ለስላሳ አፈርና ውሃ ጎን ለጎን ያስፈልጓታል። ከብት ቢግጥባት ግድ የላትም። ከብትና እንቁራሪት እዚህ ጨፌ ላይ አብረው ኖረዋል።

ገረጋንቲ ግን ሌላ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ሲኖትራክ እየመጣ በመንገዱ በኩል ይደፋል፤ ቤት ሊሠራበት ነው። እኔም ቤት የሠራሁት ጨፌ ዳር ስለሆነ በሰው መፍረድ ይከብደኛል።

አሁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። በቦዩ በኩል ይጮኻሉ። ገረጋንቲው በተደፋበት በኩል ምንም አይሰማም። ነገ የቦታውን ባለቤት አገኘዋለሁ። የቦዩን ዳር ቢያንስ እስከ መስከረም እንዳይነካው እለምነዋለሁ። ልጁንም ይዤው እሄዳለሁ፤ የት የት እንዳሉ የሚያውቀው እሱ ነው።